መልስ፦ ስኳር ያለበት ወንድሜ 50 ኪሎ ሜትር ይሩጥ ወይስ ልከልክለው?

እህቴ፣ ወንድምሽ ታይፕ 1 (ሰውነት ኢንሱሊን የማያመርትበት የስኳር ዓይነት) ሆኖ ለልጆች ኢንሱሊን መግዣ ብር ለማሰባሰብ ልሩጥ ካለ አትከልክይው፣ ግን ብቻውን አትልቀቂው። እኔም ታይፕ 1 ነኝ፣ እዚሁ ሀዋሳ ሐይቁ ዳር በጠዋት ነው የምሮጠው። መጀመሪያ ሀኪሙ የኢንሱሊኑን መጠን ያስተካክልለት፣ ምክንያቱም ረጅም ሩጫ ላይ ጡንቻ ስኳሩን በራሱ ስለሚስብ የለመደውን ያህል ተወግቶ ከወጣ መንገድ ላይ ይወርድበታል። ሩጫውን ሳይጀምር ስኳሩን ይለካ፣ ከ250 (mg/dL) በላይ ሆኖ ኪቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስብ እያቃጠለ የሚያወጣው አሲድ) ካለው በጭራሽ አይሩጥ። እየሮጠም ቶሎ ቶሎ ይለካ፣ ደሞ ጣቱን አጥቦ፣ ቴምር የነካ ጣት ውሸት ነው የሚያወጣው እኮ! ከ70 በታች ከሆነ ቆሞ 15 ግራም ስኳር፣ በሻይ ማንኪያ 3 ወይ 4 በውሃ በጥብጦ ይጠጣና ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይለካ። ማታም ተኝቶ ሊወርድበት ስለሚችል አጠገቡ ሰው ይደር።

ብሩን በተመለከተ ግን በጣም የምለምንሽ፣ ቃል የገቡት ሰዎች በሮጠው ኪሎ ሜትር ልክ ሳይሆን ቢያቋርጥም ባያቋርጥም እንዲሰጡ አድርጊ፣ አለበለዚያ 30ኛው ላይ እጁ እየተንቀጠቀጠ ለልጆቹ ብሎ ይገፋል፣ እኔ የምፈራለት እሱን ነው።