ሊኑክስ ላይ አንቲቫይረስ ልጫን ወይ?

ወንድሜ፣ «ኡቡንቱ ጭኛለሁ፤ አንቲቫይረስ ካልጫንኩ ቫይረስ ይገባብኛል ወይ?» ላልከው፣ ለግል ላፕቶፕህ የግድ አያስፈልግህም። «ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም» የሚሉህን ግን አትስማቸው።

እንጀራዬ ሰርቨር ማስተዳደር ነው። የሚያጋጥሙኝ ጥቃቶች አብዛኞቹ የሚገቡት በደካማ ፓስወርድ፣ በክፍት የኔትወርክ በር (ፖርት) እና ሳይታደስ በቆየ ሶፍትዌር ነው። አንድ ደንበኛ «ሰርቨሩ ተንቀራፈፈ» ብሎ ጠራኝ። እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን (ፕሮሰሶችን) የሚያሳየውን ቶፕን ስከፍት አንድ ፕሮሰስ ሲፒዩውን ሙሉ በሙሉ ይዞታል። ስሙ የከርነሉን (የሊኑክስ እምብርት) የራሱን ፕሮሰስ ይመስላል፤ መጨረሻው ላይ ግን «አይ» (i) የምትል ፊደል ተጨምራለች። ኪንሲንግ የተባለው ማልዌር (ጎጂ ሶፍትዌር) በሰው ማሽን ክሪፕቶ የሚያመርትበት ፕሮግራም ስሙ ይኼው ነው። ስገድለው ወዲያው ተመልሶ ይነሳል፤ ለካ በሰዓታቸው የሚሠሩ ትእዛዞች በሚጻፉበት ክሮንታብ ውስጥ በየደቂቃው ከኢንተርኔት እያወረደ የሚያስነሳው መስመር ተጽፏል። መግቢያው ሬዲስ የተባለው ዳታቤዝ ነበር፦ ፓስወርድ የለውም፣ ፖርቱም ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። አንቲቫይረስ ፋይሉን አግኝቶ ቢያጠፋው እንኳ በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ይገባል። እንዲህ የተነካ ማሽን ላይ እኔ ጽዳት አላምንም፤ ዳታው ይወጣና ሲስተሙ እንደ አዲስ ይጫናል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ማልዌር ሊኑክስ የሚጠቀሙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት የያዘው ከፋብሪካ የመጡበት ፓስወርድ ስላልተቀየረ ነው። በ2024 ደግሞ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ የተደበቀውን የኋላ በር ያጋለጠው አንቲቫይረስ አይደለም፤ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሙያ ከርቀት ወደ ማሽን የሚገባበት የኤስኤስኤች መግቢያ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ስላላማረው መርምሮ ነው የደረሰበት።

ስለዚህ አፕዴት አታዘግይ። ሶፍትዌር ከራሱ ከኡቡንቱ ማከማቻ ጫን፤ ከማታውቀው ድረገጽ ኮማንድ ገልብጠህ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) አታስኪድ። አይኤስኦ (የሊኑክስ መጫኛ ፋይል) ስታወርድ ቼክሰሙን (ፋይሉ አለመነካካቱን የሚያሳየውን ቁጥር) አመሳክር፤ በ2016 የሊኑክስ ሚንት ድረገጽ ተጠልፎ የተመረዘ አይኤስኦ ለሰው ወርዷል። ሰርቨር ካለህ ኤስኤስኤች በፓስወርድ ሳይሆን በቁልፍ ፋይል ብቻ ይሁን፣ ፋየርዎሉንም አብራው።

ክላምኤቪ የተባለውን አንቲቫይረስ የምመክርህ ለአንድ ነገር ነው፤ ለፍላሽ። ማተሚያ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ታገኛቸዋለህ። ያ የዊንዶውስ ቫይረስ ያንተን ኡቡንቱ አይነካውም፤ ፍላሹ ላይ ግን እንዳለ ይቀመጣል፤ ዊንዶውስ ለሚጠቀም የሥራ ባልደረባህ ስትሰጠው እሱ ላይ ይነሳል። ከመስጠትህ በፊት በክላምኤቪ ስካን አድርገው።