ታና ደሴት ላይ የመጀመሪያዎቹ ወራት

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ! ሰሞኑን በወጣቶች ጉባኤ ስለ ስኮትላንዳዊው ሚስዮናዊ ጆን ፔተን ሰማሁ። ታና ደሴት እንደደረሰ ኑሮውን ቶሎ ለመደው?

መልስ፦ ኧረ ምን ቶሎ! ታና በደቡብ ፓስፊክ፣ ዛሬ ቫኑዋቱ በምትባለው አገር ውስጥ ናት፤ ያሱር የሚባለው እሳተ ገሞራ እስከ ዛሬ ይጤስባታል። ፔተን ግላስጎው ከተማ ለዓመታት ያገለገለ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1858 ገና አዲስ ካገባት ከሜሪ አን ጋር ደረሰ። ቤታቸው የተሠራው ባሕሩ ዳር፣ ዝቅ ያለና እርጥበት የበዛበት ቦታ ላይ ነበር፤ ወባው አልምር አላቸው። ሜሪ አን በማርች 1859 ከወሊድ በኋላ አረፈች፣ ሕፃኑም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት፣ መቃብራቸውን የቆፈረው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ሐዘን በባዕድ አገር፣ ያውም በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ፣ እንዴት ይቻላል?

በኋላ አንድ የአገሩ ሽማግሌ መከረው፦ የታና ሰው እንዲህ ዝቅ ብሎ አይተኛም፣ ነፋስ ወዳለበት ኮረብታ ውጣ። ፔተንም ምክሩን ሰማ። ግን ትኩሳቱ ስላደከመው ዳገቱን መውጣት አቃተው። ተሸክሞ ያወጣውና ያስታመመው አብርሃም የሚባል፣ ከጎረቤቷ አኔይቲየም ደሴት የመጣ የወንጌል መምህር ነው። ስለ ፔተን ሲወራ የአብርሃም ስም መዘለሉ ያሳዝነኛል፤ እሱም እኮ ለታና እንግዳ ነበር። ደግሞ ሁሉም የደሴቲቱ ሰው አልተቀበላቸውም፤ ጥላቻው እየባሰ ሄዶ ፔተን በ1862 ሸሽቶ ወጣ፣ በ1866 አቅራቢያዋ ባለችው አኒዋ እንደገና ጀመረ።