ማታ ማታ ምስሉ ለሚቆራረጥብሽ፦ ዲሹን ከመንካትሽ በፊት ሜኑውን ክፈቺ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቀን ላይ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ሲመሽ የተወሰኑ ቻናሎች ላይ ብቻ ካሬ ካሬ እየሠራ ይቆራረጣል፤ ድምፁም ይንተባተባል። ሪሲቨር ቀየርሽ፣ ምንም ለውጥ የለም። አሁን ዲሹን ላስነካው ወይ ነው ጥያቄሽ። እኔ የምልሽ፣ ለጊዜው አታስነኪው።

ከእኔ በፊት መልስ የሰጠሽ ብዙ ሰው «ዲሹ ዞሮብሽ ነው» ብሎሻል። ንፋስ ያዞረው ዲሽ ግን ሰዓት አይመርጥም። ቀንም ያስቸግራል፣ ማታም ያስቸግራል። በዚያ ላይ በትክክል የቆመ ዲሽ አንዴ ከተነካ ሁለት ችግር ይኖርሻል፤ የድሮውና አዲሱ። የሰው ቤት ቴሌቪዥን ስነካካ ዓመታት አልፈዋል። አብዛኛው ጣጣ የተገኘው ወይ ቤት ውስጥ ነው፣ ወይ ኬብሉ ላይ።

የመጀመሪያው ሥራ ችግሩ በየት በኩል እንደሚገባ መለየት ነው። ለዚህ ሪሞት ብቻ ይበቃል። ምስሉ መቆራረጥ ሲጀምር የሪሲቨሩን ሜኑ ክፈቺ። ከኋላ ያለው ምስል እየተቆራረጠ የሜኑው ጽሑፍ ጥርት ብሎ ከታየ ቴሌቪዥኑም፣ ከሪሲቨሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድም ነፃ ናቸው። ጥፋቱ ከሪሲቨሩ ወዲያ ነው፤ ከኬብሉ እስከ ዲሹ ራስ። ሜኑውም አብሮ ከተንቀጠቀጠ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ የኤችዲኤምአይ ገመዱን ነቅለሽ መልሰሽ ስኪው። እምቢ ካለ በሌላ ገመድ ሞክሪ። ቀጥለሽ የቴሌቪዥኑን የራሱን ሜኑ ክፈቺ። መስመር ወይም ጥላ እሱንም አቋርጦ ካለፈ ነገሩ የስክሪኑ ነው። ያኔ ዲሽና ኬብል የለበትም፣ ቴሌቪዥኑን የሚከፍት ባለሙያ ነው የሚያስፈልግሽ። አንቺ ራስሽ ግን እንዳትከፍቺው።

የገለጽሽው ካሬ ካሬ መሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሲግናል ነገር ነው። በአናሎግ ዘመን ሲግናል ሲዳከም ምስሉ ቀስ እያለ ነጭ ነጠብጣብ ይሞላው ነበር። አይናችንን አጥብበንም ቢሆን እናየዋለን እንጂ ድንገት አይጠፋም። ዲጂታል እንደዚያ አይደለም። ሪሲቨሩ የተበላሸውን መረጃ አቅሙ እስከፈቀደ ድረስ እያረመ ጥርት ያለ ምስል ያሳይሻል። ከአቅሙ ሲያልፍ በአንዴ ይበታተናል። ስለዚህ ቀን ላይ ጥሩ መታየቱ ሲግናሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ጫፍ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ማታ የሆነች ትንሽ ነገር ትጨመርበትና ይወድቃል። የምንፈልገው ያቺን ትንሽ ነገር ነው።

የሪሲቨሩን የሲግናል ገጽ ክፈቺ። ሁለት መስመር ታያለሽ። አንዱ የሲግናሉ ጥንካሬ ነው፣ ሌላው ኳሊቲ፣ ማለትም ጥራቱ። በጥንካሬው አትሸወጂ፤ ዲሹ ባዶ ሰማይ እያየም ከፍ ሊል ይችላል። ቁም ነገሩ ኳሊቲው ነው። የሚቆራረጠው ቻናል ላይ ሆነሽ ቀን አንዴ፣ ማታ አንዴ ጻፊው። ቁጥሩ ከሪሲቨር ሪሲቨር ስለሚለያይ ከጎረቤት ጋር ማወዳደር አይጠቅምም።

አሁን ወደ «የተወሰኑ ቻናሎች» ልምጣ። ከጥያቄሽ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ እሱ ነው። ከሳተላይት የሚመጣው ሞገድ ሁለት ዓይነት አቋቋም አለው፤ ቁም እና አግድም። ሪሲቨርሽ የትኛውን እንደሚፈልግ ለኤልኤንቢው፣ ማለትም ሲግናሉን ለሚቀበለው የዲሹ ራስ፣ የሚነግረው በዚያው ኬብል ቮልቴጅ እየላከ ነው። 13 ቮልት ከላከ ቁሙን፣ 18 ቮልት ከላከ አግድሙን። ኬብሉ ወይም ጫፉ ዝጎ ቮልቴጁን መንገድ ላይ ከበላው 18ቱ ተቀንሶ ይደርስና ኤልኤንቢው ግራ ይጋባል። ያኔ የሚታመሙት አግድሞቹ ብቻ ናቸው፤ ቁሞቹ ሰላም ናቸው። ሪሞቱ ላይ ኢንፎ ስትጫኚ ከፍሪኩዌንሲው ጎን አንድ ፊደል ታያለሽ። ቪ ቁም ነው፣ ኤች አግድም። የሚቆራረጡት ሁሉም ኤች ከሆኑ መጀመሪያ ኬብሉንና ጫፎቹን ጠርጥሪ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። ከዚያው ዲሽ በተራ ማከፋፈያ ተከፍሎ ወደ ሌላ ክፍል የሚሄድ ሁለተኛ ሪሲቨር አለ? ካለ ምሽት ላይ ምን እንደሚፈጠር አስቢው። ሰው ሁሉ ቤት ይገባል፣ ሁለተኛው ቴሌቪዥን ይከፈታል። ያኛው ሪሲቨር 18 ቮልት ሲልክ ያንቺ 13 ይሸነፋል። አንድ መውጫ ብቻ ያለው ኤልኤንቢ ለሁለት ጌታ መገዛት አይችልም። በእርግጥ እንዲህ ሲሆን ቻናሉ ብዙ ጊዜ «ሲግናል የለም» ብሎ ጭራሽ ነው የሚጠፋው። ቢሆንም አጣሪው። የማውቀው ሰው «ልክ ዜና ሲጀምር ይጠፋል» እያለ ሲማረር ከርሟል። የልጆቹ ክፍል ሪሲቨር ሲነቀል ዜናው መጣለት። ሙከራውን ስታደርጊ በሪሞት ማጥፋት አይበቃም፤ ሁለተኛውን ሪሲቨር ከሶኬት ንቀይው። ጥፋቱ እሱ ሆኖ ከተገኘ መፍትሔው ትዊን የሚባለው፣ ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ነው። ለእያንዳንዱ ሪሲቨር የራሱ ኬብል ይሄድለታል።

ኬብሉን በአይንሽ ፈትሺው። በመጀመሪያ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀይ። ኬብሉ ውስጥ ቮልቴጅ ስላለ መሃሉ ከዙሪያው ሽቦ ጋር ቢነካካ ሪሲቨሩን ሊጎዳው ይችላል። ከዚያ ጫፉን ፍቺና እዪው። መሃል ያለው መዳብ ደማቅ መሆን አለበት። ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ካገኘሽው እርጥበት ገብቶበታል። ከዙሪያው ሽቦ አንዲት ክር እንኳ መሃሉን ከነካች ቆርጦ እንደገና መግጠም ነው። ውሃው የሚገባው ብዙ ጊዜ ላይ፣ ኤልኤንቢው ጋ ነው። ግን ኬብሉን እንደ ቧንቧ ተከትሎ እስከ ታች ይወርዳል። ማታ የሚብሰውም በዚህ ሊሆን ይችላል። ቀን ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ማታ ጤዛ ያረጥበዋል። የላይኛውን ጫፍ የሚያስተካክል ሰው ሲመጣ ውሃ በማያስገባ የጎማ ቴፕ እንዲጠቀልለው ንገሪው። ኬብሉንም ከመግቢያው በታች ትንሽ ዘለስ ያድርገው፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።

ኤልኤንቢው ራሱም ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ፍሪኩዌንሲው ይንሸራተታል፤ ያረጀው ደግሞ ይብሳል። ቶሎ የሚጎዱት ጠባብ ሲግናል ያላቸው ቻናሎች ናቸው። ኢንፎ ላይ ሲምቦል ሬት የሚል ቁጥር አለ፤ ትንሽ ሲሆን ሲግናሉ ጠባብ ነው ማለት ነው። 27500 ካለው ይልቅ 3000 ወይም 4000 አካባቢ ያለው ቀድሞ ይታመማል። የሚቆራረጡብሽ እነዚህ ትንንሾቹ ከሆኑ ኤልኤንቢውን እጠረጥራለሁ።

መብራትና ቻርጀርም ማታ ላይ የሚጨመሩ ነገሮች ናቸው። አንዳንድ ጥራት የሌለው የኤልኢዲ አምፖል ወይም የስልክ ቻርጀር ሲሠራ የሬዲዮ ጫጫታ ይረጫል። ይሄ ይበልጥ የሚያስቸግረው በአንቴና የሚያዩትን ነው። አንቴና የሚጠቀም ጓደኛዬ ቤት ጥፋተኛው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተሰክቶ የሚውል ቻርጀር ሆኖ ተገኝቷል። የዲሽ ኬብል ደህና ከሆነ ዙሪያውን የከበበው ሽቦ ይከላከልለታል። ያረጀ ወይም የተቀጣጠለ ከሆነ ግን ጫጫታው ይገባል። ምስሉ ሲቆራረጥ አምፖሎቹን አንድ በአንድ አጥፊ፣ ቻርጀሮቹን ንቀይ፣ የኳሊቲውን ቁጥር እያየሽ። ገመድ አልባ የቤት ስልክ ሪሲቨሩ አጠገብ ካለም አርቂው። ኬብሉ የሚሸከመው ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ያለውን ሲግናል ነው፤ አንዳንዶቹ ስልኮች ደግሞ እዚያው መሃል፣ 1900 አካባቢ ነው የሚሠሩት።

«ስቴብላይዘር ግዢ» ባሉሽ ሰዎች አልስማማም። ሪሲቨሩ ወይም አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ማታ የመብራት ኃይል ትንሽ ቢወርድ ግድ የለውም። ስቴብላይዘሩ ለሌላ ዕቃ ይጠቅምሽ ይሆናል።

ዝናብ ሲወርድ ብቻ የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር። ኃይለኛ ዝናብ ሞገዱን ይውጠዋል፤ ሲያባራ ይመለሳል። በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ደግሞ ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ ለተወሰኑ ቀናት በቀን ለደቂቃዎች ይቋረጣል። ያ ግን ቀን ነው የሚሆነው፣ ያንቺ ማታ ነው።

ዛሬ ማታ ሲቆራረጥ የኢንፎውን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ለጥፊልን። ኤችና ቪ ተቀላቅለው የሚቆራረጡ ከሆነ፣ ሌላ ሪሲቨርም ከሌለ፣ የኬብሉም ጫፎች ንጹሕ ከሆኑ ኤልኤንቢውን አስቀይሪ። ዲሹ ንቅንቅ ሳይል ኤልኤንቢውን ብቻ መፍታት ይቻላል። ከመፈታቱ በፊት ግን ምን ያህል ዘንበል ብሎ እንደቆመና ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበት። አዲሱ በዚያው ልክ ካልገባ ኳሊቲው ይወርዳል፤ ያኔ ደግሞ «ዲሹ ዞሮብሽ ነው» የሚሉሽ ይመለሳሉ።