ሻጩ "የጎረቤትህን ዛፍ ሕግ ያስቆርጠዋል" ቢልዎትስ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። ጣሪያችን ላይ ሶላር ልናስገባ አስበናል። የኩባንያው ሻጭ መጥቶ አየና "ሁለቱ ዛፎች ካልተቆረጡ ዋጋ የለውም" አለን። አንዱ እኛው ጓሮ ያለ ትልቅ ኦክ ነው። ሌላው የጎረቤታችን ነው። ቅርንጫፉ አጥሩን ተሻግሯል፣ አመሻሽ ላይ ጥላው ጣሪያችን ላይ ያርፋል። ሻጩ ሕጉ ጎረቤታችንን እንደሚያስገድደው ነግሮናል። እውነት ነው? ኮንትራቱን ልንፈርም ነው።

መልስ፦ ይህን ሳይጨርሱ አይፈርሙ።

ሻጩ የሚለው፣ የጎረቤት ዛፍ የሶላር ፓኔልን እንዳይጋርድ የሚከለክል ሕግ አለ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ። በዚያው ክፍለ ሀገር ሰኒቬል ከተማ ውስጥ ባልና ሚስት ሬድዉድ የሚባሉ በጣም የሚረዝሙ ዛፎች ተከሉ። ጎረቤታቸው ከዓመታት በኋላ ሶላር አስገባ። ዛፎቹ አደጉና ፓኔሉን ጋረዱ። ፍርድ ቤት በ2007 መጨረሻ ባልና ሚስቱን በወንጀል ጥፋተኛ አላቸው! ጉዳዩ ብዙ አነጋገረ፣ ሕጉም በ2008 ተሻሻለ። ከዚያ ወዲህ ከፓኔሉ በፊት የተተከለ ዛፍ በዚህ ሕግ አይጠየቅም። ወንጀልነቱም ቀርቶ የፍትሐ ብሔር ክርክር ሆኗል።

ስለዚህ የጎረቤታችሁ ዛፍ ቀድሞ የነበረ ነውና አይነካም። አዲስ ዛፍ ቢሆን እንኳ ሕጉ የሚያየው በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10 እስከ ከሰዓት 2 ሰዓት ያለውን ጥላ ነው፤ እሱም ከፓኔሉ ከ10 በመቶ በላይ ሲሸፍን። የእናንተ ጥላ ደግሞ የአመሻሽ ነው። ሕጉ የሚጠቅማችሁ ለወደፊቱ ነው፦ ሶላሩ ከገባ በኋላ የሚተከል ዛፍ እንዳይጋርዳችሁ። ተከላው 60 ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ ሲቀረው ለጎረቤት በሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩ በፖስታ ቤት በሚረጋገጥ ደብዳቤ) ማስታወቂያ መላክ ትችላላችሁ። እኔ ብሆን እልካለሁ።

አጥሩን የተሻገረውን ቅርንጫፍ ግን መከርከም ትችላላችሁ፤ እስከ ድንበሩ ብቻ፣ በራሳችሁ ወጪ፣ ዛፉንም ሳትጎዱ። የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1994 የጎረቤቱን ዛፍ ጎድቶ "በራሴ መሬት ያለውን ሥር ነው የቆረጥኩት" ያለን ሰው አልተቀበለውም። የጎረቤት ዛፍ እንዲደርቅ ካደረጋችሁ ካሳው እስከ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ግንዱ ድንበሩ ላይ ከቆመ ደግሞ ዛፉ የሁለታችሁ ነው፤ አንዳችሁ ብቻችሁን መወሰን አትችሉም።

ሰዎች የሚሳሳቱት የራሳቸው ዛፍ ላይ ነው። "ጓሮዬ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል?" ይላሉ። ኦክላንድ ይጠይቃል። ኮስት ላይቭ ኦክ የሚባለው የኦክ ዓይነት ከሆነ፣ ከመሬት 4 ጫማ ተኩል ላይ ሲለካ የግንዱ ስፋት 4 ኢንች ከሞላ የተጠበቀ ዛፍ ነው። ለሌላው አብዛኛው ዛፍ ልኩ 9 ኢንች ነው። ያለ ከተማው ፈቃድ አይቆረጥም። የእናንተ "ትልቅ" ስለሆነ ልኩን ሳያልፍ አይቀርም። ፈቃድ ማመልከት ደግሞ ፈቃድ ማግኘት ማለት አይደለም። ኮንትራት ፈርማችሁ ከተማው ቢከለክል ምን ይሆናል? መልሱ በጽሑፍ ኮንትራቱ ውስጥ ይግባ።

ኦክ መቁረጡ ከነጭራሹ አይታየኝም። በጋ ላይ ቤታችሁን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። ሻጩ ዛፎቹ ሳይቆረጡ ዓመቱን ሙሉ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚመጣ በጽሑፍ ያስላላችሁ። ከሚያዝያ 2023 አጋማሽ ወዲህ ለሚያመለክቱ ደንበኞች ከፓኔሉ ተርፎ ወደ መብራት መስመር የሚመለሰው ኃይል የሚታሰበው በጣም በትንሽ ዋጋ ነው። ዛፍ ቆርጦ የእኩለ ቀን ትርፍ ኃይል ማብዛት የድሮውን ያህል አያዋጣም።

የጎረቤታችሁ ዛፍ እንዲቀንስ የምር ከፈለጋችሁ ቡና ጠጡና ተነጋገሩ። ከተስማማችሁ በቃል እንዳይቀር። "ሶላር ኢዝመንት" የሚባለው፣ ፀሐያችሁ እንዳይጋረድ መብት የሚሰጥ ስምምነት በጽሑፍ ተዘጋጅቶ በካውንቲው ይመዘገባል። ጎረቤታችሁ ቤቱን ቢሸጥም ገዢው ይገደድበታል። ምናልባት ገንዘብ ይጠይቃችሁ ይሆናል፤ መብቱ ነው።

ቸኩላችሁ እቤታችሁ ፈርማችሁ ከሆነ ደግሞ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መሰረዝ ትችላላችሁ። ፈራሚው 65 ዓመት ከሞላው ቀኑ 5 ነው።