አፒያ ስትገቡ ሞተሩን አታቀዝቅዙ

ወንድሜ፣ «መርከባችን በማርች አፒያ ትገባለች፤ ቺፋችን (ዋናው ኢንጂነር) ስሟን ሲሰማ ፊቱን ያጨማደደው ለምንድን ነው?» ላልከው፣ እኔ ሰርድ ኢንጂነር (የመርከብ ሦስተኛ መሐንዲስ) እያለሁ ሁለቴ ገብቼባታለሁ።

የሳሞዋ ዋና ከተማ ናት፣ ኡፖሉ ደሴት ላይ። ወደቡ በኮራል ሪፍ (ባሕር ውስጥ ባለ የኮራል ቋጥኝ) መሀል ያለ ክፍተት ነው፤ አፉ ወደ ሰሜን ነው። ነፋስ ከሰሜን ከመጣ መሸሸጊያ የለህም። መጀመሪያ የገባን ለት ማታውቱ በርዝ (የመርከብ ማሰሪያ) ላይ ታስረን ማዕበሉ መርከቧን ሲንጣት አደረ፤ የገመዱ ሲጥሲጥታ እስከ ካቢኔ ይሰማ ነበር። ቺፋችን «ሞተሩ እንዳይቀዘቅዝ» ብሎ ተኛ። ምክንያቱን ጠዋት ቡና ላይ ነገረን።

እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1889 (አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ) ሳሞዋን ማን ይያዝ በሚል ሰባት የጦር መርከቦች እዚያች ጠባብ ወደብ ውስጥ ተፋጠው ነበር፤ ሦስት የአሜሪካ፣ ሦስት የጀርመን፣ አንድ የእንግሊዝ። ባሮሜትሩ (የአየር ግፊት መለኪያው፤ ሲወርድ አውሎ ነፋስ ይመጣል) እየወረደ ቀድሞ የሚወጣ ጠፋ። አውሎ ነፋሱ ሲደርስ የጀርመኗ ኤበር ሪፉ ላይ ተከስክሳ ሰመጠች፤ አድለርን ደግሞ ማዕበሉ አንስቶ ሪፉ ላይ በጎኗ አጋደማት። የአሜሪካዋ ትሬንተን የመልህቅ ሰንሰለት መውጫዎቿ ዝቅ ብለው የተሠሩ ስለነበሩ ባሕሩ በዚያ ገብቶ የቦይለሯን (ለሞተሩ እንፋሎት የሚያመነጨውን ጋን) እሳት አጠፋው። ኢንጂነር ሆኖ ይህን ሰምቶ የማይሰቀጥጠው የለም።

የእንግሊዟ ካሊዮፒ ግን ሰንሰለቷን ለቅቃ፣ ሞተሯን እስከ ጥግ ሰጥታ ወጣች። በደህና ቀን ከ13 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) በላይ የምትሄደው መርከብ በዚያ ነፋስ 1 ኖት እንኳ አልሞላችም፤ ትንፏቀቅ ነበር። አጠገባቸው ስታልፍ እሳት የጠፋባቸው የትሬንተን ሰዎች በሆታ ሸኟት። ከ140 በላይ መርከበኛ አለቀ። ከጥቂት ወራት በፊት ከጀርመን ጋር የተዋጉት ሳሞዋውያን እጅ ለእጅ ተያይዘው ባሕሩ ውስጥ እየገቡ አሜሪካዊ ጀርመናዊ ሳይሉ የተረፈውን አወጡ።

ሌላም ጠባሳ አለባት። ኖቬምበር 7 ቀን 1918 ታሉኔ የምትባል መርከብ ከኦክላንድ መጥታ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለውን አራገፈችባት፤ ከሳሞዋ ሕዝብ አምስት አንዱ ገደማ ሞተ። ጎረቤቷ የአሜሪካ ሳሞዋ ወደቧን ዘግታ አንድ ሰው አልሞተባትም።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ማርች ገና የሳይክሎን ወቅት ነው፤ እስከ ኤፕሪል ይቆያል። በርዝ ላይ ጊዜ አገኘን ብላችሁ ሜይን ኢንጂኑን (ዋናውን ሞተር) ከፍታችሁ ፒስተን አታውጡ፤ ሌላ ወደብ ይደርሳል። ሾር ሊቭ (የብስ የመውረድ ፈቃድ) ከተሰጠህ ደግሞ እሁድ እንዳይሆን፣ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው።