ስለ ኤዴሳ የመስቀል ጦረኞች ግዛት፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ኤዴሳ (የዛሬዋ ኡርፋ፣ ቱርክ ውስጥ) በመጀመሪያው የመስቀል ጦርነት የመጡ አውሮፓውያን የያዟት ከተማ ናት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አደራ፣ ከተማዋ በ1144 በሙስሊሞች መያዟንና የ1146ቱን ጥፋት አታምታቱ።

ሀብታሙ፦ ከመስቀል ጦረኞቹ መሪዎች አንዱ ባልድዊን ከተማዋን ተዋግቶ ነው የያዛት?

መላሽ፦ የለም። አርመናዊው ገዢ ቶሮስ ቱርኮች ቢያስጨንቁት ጠራው። ፌብሩዋሪ 1098 ላይ 80 ያህል ፈረሰኞች ይዞ ገባ፤ ቶሮስ ልጅ ስላልነበረው ልጁ አደረገው። በማርች ሕዝቡ አምፆ ቶሮስን ሲገድል ባልድዊን ወረሰ።

ማስረሻ፦ ጌታችን ለጥንቱ የኤዴሳ ንጉሥ አብጋር የላከው ደብዳቤ ከተማዋን ይጠብቃል ይባል የለም?

መላሽ፦ ለሌላ ጊዜ። እዚህ ስለ ግንብና ስለ ወታደር ነው።

ሰላም፦ ታዲያ ከአራቱ የመስቀል ጦረኞች ግዛቶች (ኢየሩሳሌም፣ አንጾኪያ፣ ትሪፖሊ፣ ኤዴሳ) ለምን ቀድማ ወደቀች?

መላሽ፦ ይኼ ጥያቄ ነው! ሦስቱ ወደብ ነበራቸው፤ እሷ ግን ከኤፍራጥስ ወዲህና ወዲያ የተዘረጋች፣ ባሕር የሌላት ነበረች። ፈረንጆቹ፣ ማለትም ከምዕራብ አውሮፓ የመጡት፣ ጥቂት፣ ነዋሪው አርመንና ሶርያዊ ነው። በ1144 የኤዴሳው ገዢ ዳግማዊ ጆስሊን ሠራዊቱን ይዞ በወጣበት የሞሱልና የአሌፖ ሙስሊም ገዢ ዘንጊ ኖቬምበር 28 ከበባት። ቆፋሪዎቹ «የሰዓቶች በር» በሚባለው በር አጠገብ ከግንቡ ሥር ገቡ፤ እየቆፈሩ በእንጨት ይደግፉታል፣ ሲጨርሱ እንጨቱን ያቃጥሉታል፣ ግንቡ በገዛ ክብደቱ ይናዳል። መድኃኒቱ ከውስጥ ቆፍሮ መግጠም፣ የተናደውንም በሰው መዝጋት ነው፤ ለዚያ የሚበቃ ወታደር አልነበረም። ዲሴምበር 24 ተናደ። ሕዝቡ ወደ ውስጠኛው ምሽግ ቢሮጥ በሩ ዝግ ነው፤ ብዙ ሰው ተረጋግጦ አለቀ። በሩ እንዳይከፈት ያዘዙት ጳጳሱ ሂዩ ራሳቸውም እዚያው ሞቱ። ምሽጉ ከሁለት ቀን በኋላ እጁን ሰጠ።

ብርሃኑ፦ ጥፋቱ የአንጾኪያው ገዢ ሬይመንድ ነው። እያየ ዝም አለ።

ሰላም፦ ጆስሊንስ? ከተማዋን ትቶ ከኤፍራጥስ በስተምዕራብ ባለው ምሽጉ ቱርቤሴል ተቀምጦ የለ እንዴ!

ብርሃኑ፦ የኢየሩሳሌሙ ንጉሥ ፉልክ ቢደርስላቸው ኖሮ...

መላሽ፦ ፉልክ በ1143 ሞቷል! ሚስቱ ንግሥት ሜሊሰንድ ጦር ልካ ነበር፤ አልደረሰም። ክርክራችሁን ለብቻችሁ ጨርሱ።

ደሳለኝ፦ ስለ መስቀል ጦርነት ቢያብራሩልን?

መላሽ፦ የትኛው? ለይተህ ጠይቅ።

ማስረሻ፦ በ1144 ክርስቲያኑ ሁሉ አለቀ አይደል?

መላሽ፦ መጀመሪያ ምን ብዬ ነበር? በ1144 የተገደሉት ፈረንጆቹ ናቸው፤ አርመኖቹንና ሶርያውያኑን ዘንጊ ተዋቸው። በ1146 ዘንጊ ሲገደል ጆስሊን ተመልሶ ከተማውን ያዘ፤ ምሽጉን ግን አልቻለም። ምሽግ በጠላት እጅ እያለ ከተማ ያዝኩ ማለት ከንቱ ነው። የዘንጊ ልጅ ኑረዲን ከውጭ ሲመጣ፣ የጆስሊን ሰዎች በእሱና በምሽጉ ጠባቂዎች መሐል ገቡ። ያገሩ ክርስቲያን ያለቀውና በባርነት የተሸጠው ያኔ ነው።

ሀብታሙ፦ ሁለተኛው የመስቀል ጦርነት ዘመቻ አላስመለሳትም?

መላሽ፦ ለእሷ ተጠርቶ በ1148 ደማስቆን ከበበ። እሱም ከሸፈ።

ሰላም፦ የቀረው ግዛትስ?

መላሽ፦ ጆስሊን በ1150 ተማረከ፤ ዓይኑን አጥፍተውት በ1159 አሌፖ ውስጥ እንደታሰረ ሞተ። ሚስቱ ቢያትሪስ የቀሩትን ምሽጎች ለቢዛንታይኑ ንጉሥ ማኑኤል ሸጠች፤ እሱም በዓመቱ አስወሰዳቸው።