«ፕሪቨንት» መቅደም ማለት በነበረበት ጊዜ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አያቴ ሲያርፉ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ለእኔ ደረሰኝ። 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥15 ላይ፣ በሕይወት ያሉት የሞቱትን «ፕሪቨንት» አያደርጉም ይላል። ቃሉ መከላከል ከሆነ ነገሩ አልገባኝም። ደግሞ በ«ዩ» ፈንታ አንዴ «ዚ»፣ አንዴ «ዪ» ይላል። ጓደኞቼ «የሞተ እንግሊዝኛ ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል። ገጹን ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ ልጄ፣ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ይህ በንጉሥ ጄምስ ስም የሚጠራው፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው ትርጉም ነው። ከቁጥር 15 ጎን በእርሳስ የተጻፈችውን አየሻት? አያትሽ «መቅደም» ብለው ጽፈዋል፤ ልክ ናቸው። «ፕሪቨንት» ከላቲን ሲመጣ ትርጉሙ ቀድሞ መምጣት ነበር። ቀድሞ የደረሰ መንገድ መዝጋት ይችላልና፣ እያደር ቃሉ ወደ ማገድ አደላ። የእኛም መጽሐፍ ቅዱስ «ያንቀላፉቱን አንቀድምም» ነው የሚለው።

ከአሮጌ ቃላት የሚያሳስቱት የምናውቃቸው የሚመስሉን ናቸው። «ዮንደር» ቢገጥምሽ እንግዳ ስለሚሆንብሽ መዝገበ ቃላት ትገልጫለሽ፤ እዚያ ማዶ ማለት ነው፣ አለቀ። «ሌት»ን ግን መፍቀድ ብለሽ ታልፊዋለሽ። 2ኛ ተሰሎንቄ 2፥7 ላይ ትርጉሙ መከልከል ነው! በጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ግሶች ነበሩ፤ ድምፃቸው ቀስ በቀስ አንድ ሆነ። የከልካዩ «ሌት» ዛሬም በእንግሊዝ ፓስፖርት ውስጥ አለ፤ ባለቤቱ ያለ «ሌት» እና ያለ እንቅፋት ይለፍ ይላል። ስለዚህ ሞቷል የሚሉሽ ጓደኞችሽ ቸኩለዋል። «ክዊክ»ም እንዲሁ ሕያው ማለት ነበር፤ በጸሎተ ሃይማኖት «በሕያዋንና በሙታን» የምንለው ቦታ በእነሱ አሮጌ ጸሎት «ክዊክ» ነው። ከጥፍር ሥር ያለውን፣ ሲነካ የሚያመውን ሥጋ ዛሬም በዚያው ስም ይጠሩታል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። በዚህ ትርጉም «ዛው» እና «ዚ» ለአንድ ሰው ናቸው፤ «ዪ» እና «ዩ» ለብዙ። «ዛው» እና «ዪ» ባለቤት ሲሆኑ፣ «ዚ» እና «ዩ» ተሳቢ ናቸው። የዛሬው እንግሊዝኛ ሁሉንም በ«ዩ» ጠቅልሎ አንተንና እናንተን መለየት አቅቶታል፤ እኔ ይህን እንደ ትልቅ ጉዳት ነው የማየው። ዮሐንስ 3፥7ን ተመልከቺ። ጌታ ለኒቆዲሞስ ሲናገር «ዳግመኛ ልትወለዱ ያስፈልጋችኋል ስላልሁህ አታድንቅ» ይላል። «ስላልሁህ» ላይ «ዚ» አለ፣ «ልትወለዱ» ላይ «ዪ»። የሚያናግረው አንዱን ሰው ነው፤ ቃሉ ግን ለሁሉም ነው። በ«ዩ» ብቻ ሲጻፍ ይህ ልዩነት ይጠፋል። አንቺ አማርኛ አፍ የፈታሽ ስለሆንሽ ከብዙ እንግሊዛዊ ቀድመሽ ታገኚዋለሽ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እነዚህን ቃላት በፈተና ድርሰትሽ ውስጥ እንዳታስገቢ፤ አራሚው ስህተት ብሎ ነው የሚቆጥርብሽ። ለማንበብ ያዣቸው። መዝገበ ቃላት ስትፈልጊም ትልቁን ምረጪ፤ የትምህርት ቤቱ ትንሹ አሮጌ ትርጉሞችን ይተዋል። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ከ1884 እስከ 1928 እ.ኤ.አ. በክፍል በክፍል ሲታተም የቆየው አሮጌውንም አዲሱንም ትርጉም ከነታሪኩ ለመያዝ ነው።

እስከሚቀጥለው እትም ሉቃስ 22፥31 እና 32ን በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን አንብቢ። የትኛው ለስምዖን ብቻ፣ የትኛው ለሁሉም እንደተነገረ ለይተሽ ጻፊልኝ።